ሞተሩ ሳሎን ውስጥ የነበረው ቤቴ

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ መጀመሪያ አታምኑም፣ ቀጥሎ ትስቃላችሁ። ግድ የለም፣ ሳቁ። ከጠዋት ጀምሮ እየተሳቀብኝ ስለሆነ ለምጄዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጎረምሳ ከሚስቱ ጋር ሞተርሆም ፊት ቆሞ የተነሳውን ፎቶ ፖስት አድርጓል። መኪናዋ ነጭ፣ መስኮቷ መጋረጃ ያለው፣ በሯ ላይ አበባ የተንጠለጠለባት። «ቤታችንን ይዘን አገር ልናይ ነው» ይላል ጽሑፉ። ላይኩ እንደ ጉድ ነው።

እኔም በቅን ልቦና ኮሜንት ጻፍኩ። «ልጆቼ፣ እባካችሁ ይቅርባችሁ። ሞተሩ ሳሎን ውስጥ ሲጨስ የት ትገባላችሁ?»

አለቀልኝ።

«አባባ፣ ዛሬ ምን ቀምሰው ነው?» አለ አንዱ። «ቅናት ነው» አለች ሌላዋ። ሦስተኛው ስክሪንሾት አንስቶ ገጹ ላይ ለጠፈኝ፤ እዚያም የሳቀው ሳቀ። ከሰዓት ላይ ልጄ ከሥራ ቦታዋ ደወለች። «አባዬ፣ ስለማታውቀው ነገር ኮሜንት አታድርግ አላልኩህም?»

ስለማላውቀው?

እኔ?

ወገኖቼ፣ እኔ በስድሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት መካነ ሰላም ከተማ ላይ ሞተርሆም የነበረኝ ሰው ነኝ። ልጆቼ እንኳ አያውቁም። ዛሬ ግን ተዋርጄ አልቀርም፣ ልናገረው።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ። ደሴ ሄጄ እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ተምሬ ተመልሻለሁ። እንግሊዝኛ እችላለሁ ባይ ነኝ። አባቴ ሞቷል፤ እኔና እማዬ ከገበያው በላይ ባለችው ቤታችን እንኖራለን። ቤቷ በእኔ ስም ናት፣ አባቴ ሲሞት የቦታው ግብር ወደ እኔ ስለዞረ።

የረሃቡ ጊዜ ነበር። ከቆላው ሰው እየወጣ ከተማችን ይገባል፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ አጥር ሥር ይተኛል። አንድ ፈረንጅ ሐኪም ለእርዳታ መጣ፤ የመጣውም የሚያድርበትን ቤት ይዞ፣ ማለትም በሞተርሆም ነው። እኔን አስተርጓሚው አደረገኝ።

ሥራዬ አንድ ጥያቄ ነበር ማለት ይቻላል። «ከበሉ ስንት ቀንዎ ነው?» ቀኑን ሙሉ ይህችን ስጠይቅ እውላለሁ። መልሱን ወደ እንግሊዝኛ ማዞር እየከበደኝ መጣ፤ ቃሉ ጠፍቶኝ አይደለም። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

እማዬ፣ ሰፈሩ «እማማ ጥሩ» የሚላት፣ የቻለችውን ያህል ሰው ወደ ቤት ታስገባ ነበር። አንድ ሰሞን በዚያች ባለ ሁለት ክፍል ቤት አሥራ አንድ ነፍስ አደረ። ከነዚያ አንዷ እትዬ ከድጃ ናቸው። ሁለት ልጆች ይዘው መጥተው፣ አገግመው፣ በዚያው ቀሩና ገበያ ላይ በርበሬ መሸጥ ጀመሩ። ኋላ የቀበሌ ኮሚቴ ሆነዋል፣ እደርስበታለሁ።

ሐኪሙ የሚሄድበት ቀን ሲደርስ መኪናው ከአቀስታ ወዲህ ያለውን መንገድ ቀምሶ ልቡ ተሰብሯል። ያጉረመርማል እንጂ ዳገት አይወጣም። ሐኪሙ በእርዳታ እህል ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ሄደ። ሲሄድ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠ። የስጦታ ወረቀትም ጻፈልኝ፣ በገዛ አገሩ ቋንቋ። ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አላውቅም።

አገሬው እንደዚያ ሆኖ እያየሁ ቁልፍ ተቀብዬ ደስ አለኝ? አዎ፣ ደስ አለኝ። አፍሬም ነበር። ደስታው ግን በለጠ፣ ምን ልዋሽ።

ሦስት ቀን ቆየ ደስታው።

እንግዲህ ስለ ዲዛይኑ። ያንን ነገር የነደፈው ኢንጂነር በሕይወቱ እንግዳ ተቀብሎ የማያውቅ ሰው ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ቀን ቢያድር ኖሮ ሥራውን ይለቅ ነበር።

በሩ ሥር የምትታጠፍ የብረት ደረጃ አለች። ስትወጣ ቀጥ ብላ ትሸከምሃለች። ስትወርድ እጥፍ ትልና ትጥልሃለች። ሁልጊዜ አይደለም፤ ሁልጊዜ ቢሆን ይለመድ ነበር። ሰው ሲያይህ ብቻ ነው።

የዕቃ ማጠቢያው ውሃ ደግሞ በቱቦ ወደ መሬት ይወርዳል። የት? በሩ ሥር! ደረጃዋ የምትጥልህ ቦታ ላይ! እንደው ጭቃውን ያዘጋጀው የወደቀ ሰው እንዳይሰበር አስቦልን ይሆን?

አልጋ አለው ወይ ካላችሁኝ አለው። አልጋው ጠረጴዛው ነው። እግሩን አጥፈህ ዝቅ ስታደርገው አልጋ ይሆናል፣ ቀና ስታደርገው ጠረጴዛ። እና ተኝተህ እንግዳ ከመጣ መጀመሪያ ቤትህን መፍታት አለብህ። አንድ ጊዜ ጉንፋን ጥሎኝ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ደጅ ቆሞ በመስኮት «እግዜር ይማርህ» እያለኝ ሄደ። የሚቀመጡበት እኔ የተኛሁበት ነዋ።

የጠረጴዛው መያዣ ላላ ያለ መሆኑንም ልንገራችሁ። ክርንህን ጠንከር አድርገህ ካሳረፍክ ሳትፈልግ አልጋ ይሆናል።

ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ጋቢ ደርቦ ዱላ የያዘ ትልቅ ሰው አይገባም። ወይ ዱላውን ይተዋል፣ ወይ ክብሩን ይተዋል። ቁም ሳጥኖቹ ጣሪያው ሥር በግራና በቀኝ ተደርድረዋል፤ ሰው ሲያስነጥስ ይከፈታሉ። ሽሮ አናቴ ላይ ስንት ጊዜ እንደወረደ ልቁጠረው?

ሽንት ቤቱስ!

አንድ ቁም ሳጥን የሚያህል ነው፣ ከምድጃው አንድ ክንድ ይርቃል። በሩን ለመዝጋት ጉልበትህን ደረትህ ላይ ማድረግ አለብህ። እማዬ በመጀመሪያው ቀን ገብታ፣ «ይሄ ምንድነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ይሄኛውስ?» አለችኝ ቀጥላ። «ወጥ የሚሠራበት ነው» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ውስጥ ውሃ እንኳ ጠጥታ አታውቅም።

እና ሞተሩ። ሞተሩ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ በብረት ሳጥን ተከድኖ ተቀምጧል። ያላወቀ ሰው ወንበር መስሎት ይቀመጥበታል። ዘይቱን ለማየት ድስት አንስተህ፣ ምንጣፍ አጥፈህ፣ ክዳኑን ትከፍታለህ። ሲጨስ ጭሱ መውጫ የለውም፣ አብሮህ ይቀመጣል። የሚነሳውም ቁልቁለት ላይ ሲገፋ ብቻ ነው፣ እሱም ከፈለገ።

እናንተ ሳቁ እንጂ፣ እኔ ይህንን ነገር ከእናቴ ቤት ጎን አስገፍቼ አቁሜ፣ «ቤቴ ነው» እያልኩ ኖሬበታለሁ። ከተማውም «የፈረንጁ ቤት» ይለው ነበር።

ለምን አትሉም?

ለይመኙሻል።

ይመኙሻል የጋሽ ይመር ልጅ ናት። ጋሽ ይመር የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ስማቸውን ሲጽፉ እንኳ ምስክር የሚጠሩ ዓይነት ሰው ናቸው። አንድ ቤት አላቸው፣ አንድ ኮት አላቸው፣ አንድ ቃል አላቸው። ሽማግሌ ልልክ መሆኔን ሰምተው፣ «ቤት አለው? ወይስ ልጄን ከእናቱ ጓዳ ሊያስገባት ነው?» አሉ።

ነገሩ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ሽማግሌዎቼን አስጠናኋቸው። ሄደው፣ ተቀመጡና፣ «ልጃችን ባለቤት ነው፤ መስኮቱ መስታወት፣ ውሃው በቧንቧ፣ አልጋው ከነፍራሹ» አሉ። አልዋሹም። ስለ ደረጃዋ ግን አላነሱም።

ጋሽ ይመር መጡና አዩት። ዱላቸውን ትተው መግባት ስላልፈለጉ ከደጅ ሆነው በመስኮት ነው ያዩት። ያ ነው የጠቀመኝ። ፈቀዱ።

በእኛ አገር ቃል ሲታሰር ሁለቱም ወገን የሚሰጠው በውል ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ጸሐፊው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሳቸው ራሳቸው። በዚያ በሚያምር የፍርድ ቤት እጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ብለው ጻፉ። «አንድ መኖሪያ ቤት፣ ባለ አራት መስኮት፣ ባለ አራት ጎማ፣ ከነሙሉ ዕቃው።» ሦስት ሽማግሌ የጣት አሻራ አሳረፈበት። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

እኔ ደግሞ ቤት ከተባለ ቤት ላድርገው ብዬ ተነሳሁ። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ቀረቀርኩ። ዙሪያውን አጠርኩ። የመካነ ሰላምን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ውርጩ ቆርቆሮ አይምርም፤ ሌሊት ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ቁም ሳጥኖቹ አብረው ይንቀጫቀጫሉ። ስለዚህ ጭቃ በጭድ አስቦክቼ እስከ መስኮቱ ድረስ መረግሁት።

አዎ። ሞተርሆም ጭቃ መረግሁ። ፍሬቻው ብቻ ሲቀር።

ከዚያ ሐምሌ ላይ አዋጁ መጣ።

ትርፍ ቤት ለመንግሥት! አንድ ሰው ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይኖረውም። በሬዲዮ ሲነበብ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ አጨበጭብ ነበር። ወላሂ ነው የምላችሁ፣ ስለ ትርፍ ቤት ስሰማ የሚታየኝ የሌላ ሰው ቤት ነው። ለእኔ ሁለት ቤት ማን ሰጠኝ?

ቀበሌው ተቋቋመ፣ ሊቀ መንበር ተመረጠ። ማን? አንድ ቤት፣ አንድ ኮት፣ አንድ ቃል ያለው ሰው። ጋሽ ይመር!

መስከረም ላይ መዝገብ ይዘው እየዞሩ ቤት መቁጠር ጀመሩ። እኛ ጋ ሲደርሱ ሦስት ናቸው። ጋሽ ይመር፣ እትዬ ከድጃ፣ እና ሰለሞን የሚባል ዘማች ተማሪ፣ ካኪ ለባሽ፣ ሲናገር ሰፈሩን ሁሉ የሚያሰማ።

ጋሽ ይመር የእማዬን ቤት አዩ፣ ጻፉ። ወደ ሞተርሆሙ ዞሩ፣ ጻፉ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሞላ፣ ሁለት ቤት ነው ያለህ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መኪና ነው» አልኳቸው።

የውሉን ወረቀት ከኮታቸው ኪስ አወጡ። እንዲያው በወረቀቱ ላይ ያለችውን «ባለ አራት ጎማ» አሳየኋቸው። እሳቸው ደግሞ ከፊቷ ያለችውን «መኖሪያ ቤት» አሳዩኝ። «ይህ የማን እጅ ጽሑፍ ነው? የእኔ። እኔ መኪናን ቤት ብዬ እጽፋለሁ?» አሉ።

እና ፈረዱ። ቤት ከሆነ አንዱን መርጬ አንዱን አስረክባለሁ። የእማዬን ካስቀረሁ ውሉ ላይ ያለው ቤት ይሄዳል፣ ይመኙሻልም አብራ ትሄዳለች። የፈረንጁን ካስቀረሁ የእማዬ ቤት የቀበሌ ይሆናል፣ እማዬ ደግሞ አባቴ በሠራው ቤት ተከራይ ትሆናለች። እስከ ዐርብ ወስን ተባልኩ።

እማዬ ደጃፏ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ኮሚቴው ሲሄድ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«አብሽር ልጄ» አለችኝ። «እኔ የትም እሆናለሁ።»

እንደሱ ከምትለኝ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

በነጋታው ቀበሌ ሄጄ ለመንኩ። መኪና መሆኑን ላስመስክር አልኩ። መኪና አይወረስም፤ እኔ ደግሞ ስሙ መኪና ይሁን ምን ይሁን ልኑርበት እንጂ ምን ጨነቀኝ? ዘማቹ ሰለሞን ሐሳቡን ወደደው። «በሳይንሳዊ መንገድ ይጣራ!» አለ። «ከዚህ እስከ ገበያው ከሄደ መኪና ነው። ካልሄደ ቤት ነው።» ጋሽ ይመር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይሁን አሉ።

ሁለት ቀን ነበረኝ።

አንድ ዓመት ቤት ያደረግሁትን በሁለት ቀን መኪና ማድረግ ማለት ምን እንደሆነ የሚገባው የለም። አጥሩን ነቀልኩ። ድንጋዩን አወጣሁ። አንዷ ዶሮ ከሞተሩ ጎን እንቁላል ታቅፋ ኖሯል፣ እሷን ለምኜ አስወጣሁ። ጭቃውን በዶማ ስፈቀፍቅ እማዬ ነጠላዋን አገልድማ መጥታ ከጎኔ መፈቅፈቅ ጀመረች። ግን ጎበዝ መራጊ ኖሬያለሁ መሰለኝ፣ ጭቃው እንቢ አለ። ዐርብ ሲደርስ ከፊቱ መኪና፣ ከኋላው ጎጆ ነበር።

ዐርብ ጠዋት ኮሚቴው መጣ። የገበያ ቀን አልነበረም፣ አላህም ማርያምም ይመስገኑ። ሰው ግን እንደ ገበያ ቀን ተሰብስቧል።

ጋሽ ይመር ዱላቸውን ይዘው ካልገባሁ አሉ። ሦስት ጊዜ ሞክረው በመጨረሻ ዱላቸው በመስኮት ገባ፣ እሳቸው በበር። ጠረጴዛው ጋ ተቀመጡና መዝገባቸውን ዘረጉ። እትዬ ከድጃ የሞተሩን ሳጥን ወንበር መስሏቸው ተቀመጡበት። ዘማቹ ሰለሞን ሁሉን ነገር እየከፈተ ሲያይ ሽንት ቤቱ ጋ ደረሰ። «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ብሎ ገባ።

እኔ መሪውን ያዝኩ። ጎረቤቱ ከኋላ ገፋ።

ሄደ!

እመኑኝ፣ ሄደ። ሳል፣ ሳል አለና ሞተሩ ተነሳ። እማዬ እልል ስትል ሰማኋት። ያቺን ቅጽበት እስክሞት አልረሳትም፤ እናቴም እጮኛዬም ቤቶቼም ሁሉም ቦታ ቦታቸው ላይ ነበሩ።

ከዚያ ሞተሩ ጠፋ።

መኪናው ግን አልቆመም። ቁልቁለቱ ይዞታል፣ ከኋላው ያለው ጭቃ ይገፋዋል፣ ፍሬኑ ደግሞ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሥራውን ረስቷል። ብረግጠው፣ ብረግጠው፣ ወይ ፍንክች።

መጀመሪያ ቁም ሳጥኖቹ ተከፈቱ። ሁሉም፣ በግራም በቀኝም። የሽሮው ቅል ከላይ ወረደና ጋሽ ይመር አናት ላይ አረፈ። እሳቸው ራሳቸውን ለመያዝ ጠረጴዛውን በክርናቸው ተደገፉ። ጠረጴዛው አልጋ ሆነ። ሊቀ መንበሩ በጀርባቸው ተንጋለሉ፣ መዝገቡ ደረታቸው ላይ፣ ዱላቸው ከጎናቸው።

«እግዚኦ!» አሉ። ሌላ አላሉም።

የሞተሩ ጭስ ሳሎኑን ሞላው። ክዳኑ ሲግል እትዬ ከድጃ፣ «ያረቢ፣ ወንበሩ ነደደ!» ብለው ብድግ አሉ፣ ጣሪያው መልሶ አስቀመጣቸው። ከሽንት ቤቱ በኩል ኳኳታ ይሰማል። መኪናው ሲሄድ ወገቡ ስለሚጣመም የሽንት ቤቱ በር ተነክሷል። ዘማቹ ሰለሞን መውጫ የለውም።

እኔ መሪውን አዙሬ ከገበያው በታች ወዳለው ሣራማ ቦይ ነዳሁት። ነዳሁት ማለት አማርኛ ሲያጥር ነው። ቦዩን ፊቱ ተሻገረው፣ ከኋላ ጎማው አልፎ የተንዘረጠጠው ረጅም ጅራቱ ግን ተሰንቅሮ ቀረ። ግጭው ሲል ከኋላ የቀረው ጭቃ በአንድ ጊዜ ተንዶ ወደቀ።

ፀጥ አለ።

ከዚያ ከሽንት ቤቱ ውስጥ ድምፅ መጣ። «መኪና ነው! ኢትዮጵያ ትቅደም! መኪና ነው፣ አስወጡኝ!»

ማንም አልተጎዳም። ከክብር በስተቀር። እትዬ ከድጃ ለመውረድ ደረጃዋ ላይ ቆሙ፤ ደረጃዋም ሰው እያየ መሆኑን አረጋግጣ ጣለቻቸው። ዘማቹን በመስኮት አወጣነው። ጋሽ ይመር ሽሮ እንደለበሱ ወርደው ሣሩ ላይ ተቀመጡና ብዕራቸውን አወጡ። ሰው ሁሉ ከቧቸው ቆመ። እማዬም እየሮጠች ደርሳለች።

«ሞተሩ ጠፍቶ ነው የመጣው» አሉ ጋሽ ይመር። «ቁልቁለት ላይ የለቀቁት በርሜልም ይመጣል። ይሄ መሄድ አይባልም። ስለዚህ ቤት ነው።»

እማዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

እዚህ ላይ እትዬ ከድጃ ቀሚሳቸውን ከጭቃው እያራገፉ ተነሱ።

«ይመር፣ አንቱ ቤት አያውቁም» አሉ። «እኔ አውቃለሁ። ያን ክፉ ቀን ሁለት ልጆች አዝዬ ስመጣ ያስገባኝ የእማማ ጥሩ ቤት ነው። ግድግዳው አልተከፈተብኝም፣ አልጋው አልከዳኝም። ይሄ ግን በወገቤ እሳት አነደደብኝ፣ በሩ ላይ ጣለኝ። ወላሂ ይህንን ቤት ብለው ከጻፉ እኔ ጣቴን አላሳርፍም።»

«እኔም አልፈርምም» አለ ዘማቹ፣ ጉልበቱን እያሸ። ይህንን በቀስታ ነው ያለው። በቀስታ ሲናገር የሰማነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ ይመር መዝገቡን ገለጡ። ከገጹ ላይ ሽሮውን እፍ አሉት። ጻፉ፣ የጻፉትንም ጮክ ብለው አነበቡ። «ቤት አይደለም። መኪና ስለመሆኑም ኮሚቴው ለመመስከር አልቻለም።»

የእማዬ ቤት ተረፈች!

እትዬ ከድጃን ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል ጋሽ ይመር የውሉን ወረቀት ከኪሳቸው እያወጡ ነው።

«እንግዲህ ሞላ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «ውሉ ላይ የሰፈረው ቤት የለህም።»

እውነት ነው። የለኝም። ሰው ሁሉ እኔን ያያል፣ እኔ መሬት አያለሁ። ልለምናቸው አፌን ስከፍት ከኋላቸው ይመኙሻል መጣች። አባቷን ልታጥብ ውሃ ይዛ ነው የመጣችው።

«ቤቱ ያውና አይደለም እንዴ?» አለች፣ በአገጯ ወደ እማዬ ቤት እያሳየች።

«እሱማ በስሙ ይሁን እንጂ የእናቱ መኖሪያ ነው» አሉ ጋሽ ይመር። «ከአማት ጓዳ ልትገቢ ነው?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ ጠይቀኸኛል?» አለችኝ። «እማማ ጥሩ ያን ሁሉ ሰው ሲያሳድሩ ውሃ የምቀዳላቸው እኔ ነበርኩ። ያንን ቤት ከአንተ በላይ አውቀዋለሁ፣ እወደዋለሁ። ይህን ቆርቆሮህን ግን ዓመት ሙሉ ባየሁት ቁጥር ሽንት ቤት አጠገብ ቁጭ ብዬ እህል ልበላ ነው እያልኩ ስንቴ አልቅሻለሁ።»

አንድ ዓመት ሙሉ ቀዝቅዤ ተኛሁ። ጭቃ መረግሁ። ሽማግሌ አስጠናሁ። እናቴን ደጅ ላወጣ አንድ ሐሙስ ቀረኝ። ሁሉም ለእሷ ነው። እሷን ግን አንድ ቀን፣ አንዲት ጊዜ፣ «የት መኖር ትፈልጊያለሽ?» ብዬ አልጠየቅኋትም።

እማዬ ሄዳ የይመኙሻልን እጅ ያዘች። ሁለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ቤት ሄዱ። እኔንና አባቷን ቦዩ ዳር ጥለውን። ጋሽ ይመር ውሉን ዘርግተው «ባለ አራት ጎማ» የሚለውን በብዕር ሰረዙት። ሠርጉ በጥር ሆነ፣ በዚያችው ቤት።

ይኸው እኔና ይመኙሻል እስከ ዛሬ አብረን ነን። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ውርደት ተምሬያለሁ ብዬ ልመክራችሁ ነበር የተነሳሁት። ለሰው ብላችሁ ከመልፋታችሁ በፊት ሰውየውን ጠይቁት ልላችሁ ነበር።

ግን ትናንት በቴሌግራም ሶፋ አዝዣለሁ። ቀይ ነው። ሰርፕራይዝ ላደርጋት ብዬ ነው።

አልጠየቅኋትም።

የሚያመጣው ልጅ አሁን ደወለ፣ በር ላይ ነኝ አለኝ። እሷም ደወሉን ሰምታ ልትከፍት እየሄደች ነው። እስኪ ቶሎ ኮሜንት አድርጉልኝ፤ ምን ልበላት?